የበፈር ቱቦ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ፦ የአንዱ ፋብሪካ የበሳውን ሌላው ለምን ድፍን አደረገው?

ጥያቄ፦ «በአሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት እኖራለሁ፤ የዱር አሳማ አደን ስለምወድ በዝናብም በረግረግም እወጣለሁ። ሦስት የኤአር-15 ዓይነት ጠመንጃዎች አሉኝ። አንደኛው ተሰብሳቢ ሰደፍ ያለው ሲሆን የበፈር ቱቦው የኋላ ጫፍ መሐል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ሁለተኛውም ተሰብሳቢ ነው፤ የሌላ ፋብሪካ ሥራ በመሆኑ ይሁን አላውቅም፣ ቱቦው ድፍን ነው። ሦስተኛው ባለ ቋሚ ሰደፍ የቆየ ዓይነት ነው፤ ሰደፉን የያዘው ብሎን መሐል ለመሐል የተበሳ ነው። ድፍኑ ሲሠራ ስሕተት ተፈጽሞበት ነው? እኔው በትራፓኖ ልብሳው?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ድፍኑ ቱቦ የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ ትራፓኖውንም ለጊዜው ከመደርደሪያው ባያወርዱት ይሻላል። ይሁንና ጥያቄዎ ብዙ የጠመንጃ ባለቤት የሚያልፈውን ጉዳይ የነካ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ ከአምራች አምራችም የሚለያየው ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ቀዳዳ የሌለው ቱቦ ይዘው ከመጡት ሰዎች ይልቅ ያስቸገሩኝ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘው «የእኔ ውሃ አያስቸግረውም» ብለው የተማመኑት ናቸው።

የበፈር ቱቦ የምንለው በጠመንጃው ታችኛ አካል የኋላ ጫፍ ላይ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ የአልሙኒየም ቧንቧ ነው። ሰደፉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ በውስጡም የመመለሻው ሞላ እና በፈር የሚባለው ተንሸራታች ክብደት ይቀመጣሉ። በክላሽ እጁን ያፍታታ ሰው ይህን መጀመሪያ ሲያይ ግር ይለዋል፤ ምክንያቱም ክላሽ የመመለሻ ሞላውን በራሱ አካል ውስጥ፣ ከላይኛው ክዳን ሥር ስለሚይዝ፣ ሰደፉ ቢታጠፍም ቢነቀልም መተኮሱን አይተውም። ዩጂን ስቶነር በአርማላይት ኩባንያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነደፈው፣ ኮልት የተባለው ፋብሪካም በ1959 መብቱን የገዛው ኤአር-15 ግን፣ ተንቀሳቃሹ ብረት ወደ ኋላ የሚሸሽበትን ስፍራ ያገኘው በሰደፉ ውስጥ ነው። ስለዚህ እርስዎም ሆኑ የዚሁ ጠመንጃ የጦር ዓይነቶች የሆኑትን ኤም 16 ወይም ኤም 4 የሚያነግት ወታደር ሁሉ፣ ኋላው ተዘግቶ ፊቱ የተከፈተ አንድ ዕቃ በሰደፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ውሃ ለማጠራቀም ከዚህ የተመቸ ቅርጽ ማግኘት ያስቸግራል። በእስራኤል ሠራዊት ውስጥ ኤም 4 የያዙ ወገኖቻችን የሚያጸዱትም ይህንኑ ቱቦ ነው፤ ታቮር የተባለውን የእስራኤል ሥሪት ጠመንጃ የያዙት ግን መሣሪያቸው እንዲህ ያለ ቱቦ ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ፤ ነገሩ የሚገባው በልክ ሲታይ ነውና። የተሰብሳቢ ሰደፍ ቱቦ ውስጣዊ ጥልቀቱ 178 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የውስጥ ስፋቱ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በፈሩንና ሞላውን አውጥተው ውሃ ቢሞሉበት ወደ 90 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ሲኒ ቡና ከፍ ያለ መጠን ይይዛል። ጠመንጃው ሲተኮስ በፈሩ 95 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጓዛል፤ የራሱ ርዝመት 83 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞውና ርዝመቱ ሲደመሩ ከቱቦው ጥልቀት ጋር ይተካከላሉ፤ በዚህም ምክንያት በጉዞው መጨረሻ የበፈሩ ጅራት ላይ ያለው የጎማ መሰል መከላከያ ከቱቦው ወለል ጋር ይጋጫል። በዚያች ቅጽበት ለውሃ የሚቀረው ቦታ በበፈሩ ገላና በቱቦው ግድግዳ መካከል ያለው ቀለበት ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን የተጨመቀው ሞላ ይሻማዋል። በግምት ሳሰላው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ይወጣኛል። ከዚያ የተረፈው ውሃ ሁሉ ከቱቦው መውጣት አለበት፤ መውጣት ካቃተው በፈሩ ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ «ቀዳዳው ለዚሁ አይደል? ስተኩስ ውሃው በኋላ በኩል ተገፍቶ ይወጣል» ይላል። አይወጣም። ተንቀሳቃሹ ብረት ወደ ኋላ የሚሮጠው በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ጉዞውን ሁሉ የሚጨርሰውም በሁለት መቶኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። የቱቦው ውስጣዊ ክብ ስፋት ከአንድ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስፋት 70 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ በበፈሩ የተገፋው ውሃ በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ይውጣ ከተባለ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል መፍጠን ይኖርበታል፤ ይህም በአየር ውስጥ ከሚጓዝ ድምፅ ፍጥነት ጋር የሚስተካከል ነው። የማይሆን ነገር ነው። በተግባር የሚታየው በፈሩ ውሃውን እንደ ታፈነ ፒስተን ሲገፋ፣ ጉዞው ሲያጥር፣ ቀለሁ ሳይወጣ ተነክሶ ሲቀር፣ ወይም ቀለሁ ወጥቶ ቀጣዩ ጥይት ሳይጎርስ ሲቀር ነው። አየር ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ አየር ይጨመቃል፣ በበፈሩ ራስ ዙሪያም ሾልኮ ያልፋል። በፈርዎን አውጥተው ራሱን በፊት ለፊት ቢመለከቱት፣ የተለመደው ዓይነት ከሆነ፣ ፍጹም ክብ እንዳልሆነና ጎኑ ላይ ተላግተው የተነሡ ጠፍጣፋ ቦታዎች እንዳሉት ያያሉ፤ የቱቦው ዋና መተንፈሻ በእነርሱ በኩል ነው።

ስለዚህ ቀዳዳው የተኩስ ጊዜ ማስወጫ አይደለም። ሥራው ከተኩሱ በፊት፣ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ተነግቶ ወይም በሰደፉ ቆሞ ሳለ፣ በቀለህ መውጫው መስኮትና በማቀባበያው እጀታ ዙሪያ ሰርጎ ወደ ታች የወረደው ውሃ ቀስ ብሎ እንዲፈስ ማድረግ ነው። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ለሚያነግት ሰው ደግሞ ቱቦው ከላይ ስለሚሆን ውሃው በበፈሩ ራስ ዙሪያ ወደ ፊት ይመለስና በካዝናው ጉሮሮ በኩል ይወጣል፤ ለዚህ ሰው የኋላው ቀዳዳ ኖረም አልኖረም ልዩነቱ ትንሽ ነው። እርስዎ በጥያቄዎ ላይ እንዴት እንደሚያነግቱት አልነገሩኝም፤ ለእኔ ግን ከቱቦው የፋብሪካ ስም ይልቅ ይህ ይበልጥ ይጠቅመኝ ነበር።

ከሦስተኛው ጠመንጃዎ ልጀምር፤ የቀዳዳው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የመጀመሪያዎቹ ኤም 16 ጠመንጃዎች ቋሚ ሰደፍ ነበራቸው። የእነዚህ ቱቦ ረጅም ነው፤ ውስጣዊ ጥልቀቱ 245 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በውስጡም 150 ሚሊ ሜትር የሚያህል ረጅም በፈር ይገባል። ሰደፉን በቦታው የሚይዘው ከኋላ በኩል በሰደፉ ተረከዝ ገብቶ በቱቦው የኋላ ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ብሎን ነው። እንግዲህ የቱቦው የኋላ ጫፍ መሐል በብሎኑ ተይዟል፤ ውሃ ይውጣ ከተባለ መንገዱ በብሎኑ በራሱ ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ብሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሱት። መላው በቀላልነቱ ያስደስተኛል፦ አንድ ዕቃ ሰደፉን ይይዛል፣ ቱቦውን ያፈሳል፣ ሲደፈንም ከውጭ ስለሚታይ ጠመንጃው ሳይፈታ በቀጭን ሽቦ ይጸዳል። የአሜሪካ ጦር የተጠቃሚ መመሪያም ወታደሩ ይህን የብሎን ቀዳዳ ከቆሻሻ ነጻ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ለዚህም ጥጥ የተጠመጠመበት ቀጭን ሽቦ ይመክራል።

በኋላ የመጣው ኤም 16ኤ2 ሰደፉ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ረዘመ፤ ቱቦው ግን አልተለወጠም። ክፍተቱን የሞሉት በቱቦው ጫፍና በሰደፉ መካከል በሚገባ ማራዘሚያና በረጅም ብሎን ነው፤ ያም ብሎን እንደ ፊተኛው የተበሳ ነው። ችግር የሚመጣው ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው፦ ብሎኑ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ከዕቃ መሸጫ ልኩ የገጠመለትን ድፍን ብሎን ይገዛል፣ ሰደፉም ይጠብቅለታል፣ ቱቦው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ ይሆናል። አጭሩን ብሎን በረጅሙ ቦታ የሚያስገባም አለ፤ ጥርሱ በወጉ ስለማይነክስ ሰደፉ ይንቀጠቀጣል። የእርስዎ ብሎን የተበሳ መሆኑን ስላዩ ግማሹን አልፈዋል፤ ቀሪው ከውጭ በኩል ሽቦ ሰድዶ ያለ ከልካይ እስከ ሞላው ድረስ መግባቱን ማረጋገጥ ነው።

ወደ ተሰብሳቢዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ሰደፉን የሚይዘው የኋላ ብሎን ሳይሆን በቱቦው ሆድ ላይ ጎላ ብሎ የወጣው ጠርዝና በእርሱ ላይ የተደረደሩት የማቆሚያ ጉድጓዶች ናቸው። የቱቦው ጫፍ ብሎን ስለማይቀበል እንዲበሳ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ መብሳትም አለመብሳትም የአምራቹ ምርጫ ሆነ። የልዩነቱ ሥር ይህ ነው። ከባለ ቋሚው ሰደፍ ሥርዓት የወረሰውን «ውሃ መውጫ ይኑረው» የሚል ሐሳብ ይዞ የቀጠለ አምራች መሐሉን ይበሳል፤ ጠመንጃው ከመኪና ወርዶ በተኩስ ሜዳ ውሎ ወደ መኪና ለሚመለስ ገዢ የሚያመርተው ደግሞ አንድ የማሽን ሥራ መጨመሩን እንደ ትርፍ ወጪ ይቆጥረዋል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ በአደን ሜዳ ሳይሆን በፋብሪካ ውስጥ የሚታይ ነው። ቱቦዎቹ ለጥንካሬና ለዝገት መከላከያ አኖዳይዝ ይደረጋሉ፤ ማለትም በአሲድ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ገጻቸው ይጠነክራል። አንድ ጎኑ የተዘጋ ዕቃ በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ ሲነከር ጋዝ ያፍናል፣ ሲወጣ ደግሞ አሲድ ይዞ ይወጣል። ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ግን እየተነፈሰ ይነከራል፣ እየፈሰሰም ይወጣል። ስለዚህ ቀዳዳ ያዩበት ቱቦ ሁሉ ለዝናብ ታስቦ የተበሳ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ለሠራተኛው ምቾት የተበሳም ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ውሃ ማን አስቦ እንደበሳው አይጠይቅም።

ገበያ ላይ ሲገዙ የሚያዩት ዋነኛ ክፍፍል «ሚልስፔክ» (የጦር ልክ) እና «ኮሜርሻል» (የገበያ ልክ) የሚለው ነው። ሚልስፔክ የሚባለው የውጭ ስፋቱ 29.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 7075-ቲ6 ከተባለው ጠንካራ የአልሙኒየም ቅይጥ ይሠራል፤ የፊቱ ጥርስም ከቱቦው ገላ ከፍ ብሎ የወጣ ነው። ኮሜርሻል የሚባለው 29.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ብዙውን ጊዜ 6061-ቲ6 ከተባለው ለስለስ ያለ ቅይጥ ይሠራል፣ ጥርሱ በገላው ላይ የተቆረጠ ነው፣ የብዙዎቹም የኋላ ጫፍ ዘንበል ብሎ የተከረከመ ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትሩ ልዩነት የአንዱን ሰደፍ በሌላው ላይ በወጉ ለመግጠም ይከለክላል። ስለ ውሃ ቀዳዳው ግን መለያው ምንም አይነግርዎትም፤ ሻጮች «ሚልስፔክ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ስፋቱ ነውና። በመለያው ተማምነው ከሚገዙ ይልቅ ቱቦውን ከኋላው ገልብጠው ቢያዩት ይሻላል። የተከረከመውንም ጫፍ አይተው ውስጡም እንዲሁ ዘንበል ብሎ ውሃውን ወደ አንድ ጥግ ይሰበስባል ብለው አይገምቱ፤ የውጭ ቅርጽና የውስጥ ወለል ሁለት የተለያዩ የማሽን ሥራዎች ናቸው።

በተሰብሳቢውና በቋሚው ሰደፍ ቱቦ መካከል የቆመውን፣ ቭልቶር የተባለው አምራች ያወጣውን ኤ5 ቱቦም ሊያገኙት ይችላሉ። ይህ ከተለመደው ተሰብሳቢ ቱቦ በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የረዘመ ሲሆን የቋሚውን ሰደፍ ረጅም ሞላ እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ነው፤ የማቆሚያ ጉድጓዶቹም ሰባት ናቸው። ከውሃ አንጻር የሚለውጠው ነገር በፈሩም አብሮት ስለሚረዝም ጥቂት ነው። ከሁሉ ለየት ያለ አቋም የያዘው ሄክለር ኡንድ ኮክ ነው፤ ይህ የጀርመን ፋብሪካ ኤችኬ416 የተባለውን ጠመንጃ ከውሃ ወጥቶ ውሃው ሙሉ በሙሉ ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ እንዲተኮስ ታስቦ የተሠራ ነው ብሎ ያቀርበዋል። ነገር ግን ይህ ችሎታ የአንድ ቀዳዳ ውጤት አይደለም፤ ጠመንጃው በጠቅላላ ለዚያ ተነድፎ ተሞክሯል። የሌላ ፋብሪካ ቱቦ ላይ አንድ ቀዳዳ ጨምሮ ያንኑ ችሎታ መጠበቅ፣ በር ላይ ጎማ አስሮ መኪና እንደ መጠበቅ ነው።

በሆዱ በኩል ያሉትን የማቆሚያ ጉድጓዶች አይተው «እነዚህም ያፈስሱ ይሆናል» ብለው ቢያስቡ አይፈረድብዎትም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ ውስጥ የማይዘልቁ ዕውር ጉድጓዶች ናቸው። ለማረጋገጥ በፈሩንና ሞላውን አውጥተው በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ በቱቦው አፍ ያስገቡና ያብሩ፤ ብርሃን በሆዱ በኩል ካልታየ ውሃም በዚያ አያልፍም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቱቦው ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ሰደፉ ነው፣ ከቱቦው ይልቅ ሰደፉ ሲያታልል ነው ብዙ ጊዜ ያየሁት። ከቱቦው ጫፍ የፈሰሰው ውሃ የሚገባው በሰደፉ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሰደፉ ከተረከዙ ላይ መውጫ ከሌለው ወይም በላዩ ላይ የተለበደ የጎማ ትራስ ከዘጋው፣ ውሃው ከትንሹ ዕቃ ወደ ትልቁ ተዛወረ እንጂ አልወጣም። አንድ ጊዜ «ሞላው ደክሟል፣ ቀይርልኝ» ተብሎ የመጣ ጠመንጃ ነበር፤ በዝናብ ከዋለ በኋላ ቀለህ መንከስ ጀምሯል። ቱቦው የኋላ ቀዳዳ ነበረው፤ ባለቤቱም ይህንኑ በኩራት አሳየኝ። ሰደፉን ከቱቦው ሳወጣ፣ የሰደፉ መውጫ ጭቃ ሠሪ ተርብ በሠራችው ጎጆ እንደ ሸክላ ድርቅ ብሎ ተደፍኗል፤ ጭቃው ወደ ውስጥም ገብቶ የቱቦውን ቀዳዳ ለጥፎታል። በፈሩን ሳወጣ ሻይ የመሰለ ውሃ በጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ። የሞላው የኋላ አሥር ያህል ጥቅልሎች ዝገው ነበር፣ የተቀሩት ግን ደኅና ነበሩ፤ ውሃው እስከ የት ቆሞ እንደነበር በዝገቱ መስመር ይነበባል። ሞላውን ቀየርሁለት፤ ዋናው ጥገና ግን በእንጨት ስንጥር ያወጣሁት የተርብ ጎጆ ነበር። የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ነዋሪ እንደ መሆንዎ ይህች ተርብ የእርስዎም ጎረቤት ናት።

በቤትዎ የሚያደርጉት ፍተሻ ይህ ነው። ካዝናውን ይንቀሉ፣ የጥይት ክፍሉን ባዶነት በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ላይኛውንና ታችኛውን አካል ይለያዩ፣ የበፈሩን ማገጃ ፒን ጫን ብለው በፈሩንና ሞላውን ያውጡ፤ ሞላው በኃይል ስለሚስፈነጠር በመዳፍዎ ይያዙት። ሰደፉ በቦታው እንዳለ፣ ታችኛውን አካል በሰደፉ አቁመው 30 ሚሊ ሊትር ውሃ በመርፌ መሰል መስጫ ወደ ቱቦው ይጨምሩና ሰዓት ይያዙ። ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነና ሰደፉም ካልደፈነው፣ አብዛኛው ውሃ ከአሥር ሰከንድ ብዙ ሳይርቅ ይወርዳል። ቀዳዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይም ውሃው በራሱ ገጽ መሳሳብ በጠባቧ ቀዳዳ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይቀራል። ይህ ቅሪት በራሱ አይወርድም፤ ሰደፉን በመዳፍዎ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉት ይወርዳል። በአደን ሜዳም ያው መላ ይሠራል። ከፍተሻው በኋላ ቱቦውን አድርቀው፣ ሞላውን በስሱ ዘይት ቀብተው ይመልሱ፤ በስሱ ማለቴ ይሰመርበት፣ ምክንያቱም የበዛ ዘይት በዚያችው ቀዳዳ ይወጣና በቁም ሣጥን ውስጥ የቆመ ጠመንጃ የሚስትዎን ነጠላ ያበላሻል፤ ይህን ቅሬታ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ትራፓኖው። ሁለተኛው ቱቦዎ ድፍን መሆኑ ካሳሰበዎት መጀመሪያ የምመክርዎት ለአምራቹ ጽፈው መጠየቅ፣ ወይም የተበሳ ቱቦ ገዝተው ባለሙያ እንዲለውጥልዎት ማድረግ ነው፤ ቱቦው ከጠመንጃው ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። በእጅ መብሳት የሚያስከትለውን ልዘርዝር። ፑንታው ያለፈበት ቦታ አኖዳይዙን ስለሚያነሣ እርቃኑን የቀረው አልሙኒየም፣ በተለይ 7075፣ ለእርጥበትና ለጨው ይጋለጣል። ወደ ውስጥ የቀረው ስለታም ጠርዝ በጉዞው መጨረሻ ላይ የሚጋጨውን የበፈሩን መከላከያ በእያንዳንዱ ተኩስ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውም ፍርፋሪ ተመልሶ ቀዳዳውን ይደፍናል። በጎን ወይም በሆድ በኩል የሚበሱ ሰዎች ደግሞ ሞላው የሚንሸራተትበትን ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ጠርዙ ሞላውን ይፍቀዋል፣ ድምፁም ይለወጣል። ከሁሉ የሚከፋው በፊት በኩል፣ ከጥርሱና ቱቦውን ከሚያጠብቀው ዳዶ አጠገብ መብሳት ነው፤ ጠመንጃ በሰደፉ ሲወድቅ የዚህ ዓይነት ቱቦ የሚሰበረው በአብዛኛው በዚያው በጥርሱ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ቀዳዳ መጨመር ስብራቱን መጥራት ነው። የግድ ይበሳ ከተባለ ቦታው አንድ ብቻ ነው፦ የኋላ ጫፉ መሐል፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ፑንታ፣ በፈርና ሞላ ወጥተው፣ በውስጥም በውጭም ጠርዙ በጥንቃቄ ተሞርዶ፣ ብናኙም ሙሉ በሙሉ ታጥቦ። ሥራውን የሚሠራውም ቱቦውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሽን ያለው ሰው ይሁን፤ በጉልበት መካከል ይዞ የሚበሳ እንዳይሆን።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ የለብኝም፤ እርሱም በርሜሉ ነው። የ5.56 ሚሊ ሜትር በርሜል ጠባብ ስለሆነ በውስጡ የገባው ውሃ እንደ ገለባ መጠጫ ታፍኖ ይቆማል፤ አፈሙዙን ወደ ታች ቢያዘነብሉትም ከኋላ አየር ካልገባለት አይወርድም። በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ጠመንጃውን ያነክሰዋል፤ በበርሜሉ ውስጥ የቀረ ውሃ ግን በርሜሉን ሊያፈነዳ፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከወንዝ ወይም ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ የመጀመሪያው ሥራዎ ጥይቱን አውጥተው፣ ቦልቱን፣ ማለትም ተንቀሳቃሹን ብረት፣ ወደ ኋላ ስበው ከፍተው፣ አፈሙዙን ወደ ምድር አድርገው ማራገፍ ይሁን። በዚሁ አኳኋን የቱቦውም ውሃ ከፊሉ በበፈሩ ዙሪያ ወደ ፊት ይወጣል። ቀጥሎ ጠመንጃውን ገልብጠው በሰደፉ ያቁሙትና የቀረው በኋላ በኩል እስኪንጠፈጠፍ ይጠብቁ። ድፍን ቱቦ ያለው ጠመንጃዎ የሚጎድለው ይህ ሁለተኛው እርምጃ ብቻ ነው፤ እርሱን በፈሩን አውጥቶ በማድረቅ ይተኩታል፣ ሥራውም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

በመጨረሻ ስለ ሦስቱ ጠመንጃዎችዎ በየተራ የምለው ይህ ነው። የተበሳ ቱቦ ያለውን የሰደፉን ተረከዝ አጣርተው ለረግረጉ ይያዙት። ድፍኑን ለደረቅ ቀን ያቆዩት፣ ወይም አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ያንግቱት። ባለ ቋሚ ሰደፉን ደግሞ ብሎኑን በካቻቪቴ ፈትተው አንድ ጊዜ በእጅዎ ይያዙት፣ ወደ ብርሃንም አቅንተው በቀዳዳው ይመልከቱ፤ የቆየ ጠመንጃ ነው ብለዋልና በውስጡ የደረቀ ቅባት ተጋግሮ ቢያገኙ አይደነቁ። በነጭ ጋዝ ነክረው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ ጠዋት በሽቦ ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል፤ ሲመልሱት ግን፣ ሰደፉ የኤም 16ኤ2 ዓይነት ረጅሙ ከሆነ፣ ማራዘሚያው በቦታው መኖሩን ሳያዩ አያጥብቁት።